የሚነዳው ሌላ፣ የሚጠብቀው ሌላ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ላንጋኖ ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ እየተጎተተ በውሃ ላይ ሊንሸራተት ነው። ጀልባው የኋላ መስታወት ካለው ከነጂው ሌላ ሰው ያስፈልጋል? (ከወረኢሉ)

መልስ፦ አዎ፣ ያስፈልጋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በ3 ሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነጂው ዞር ባለባት ቅጽበት ከፊቱ ዋናተኛ ሊገጥመው ይችላል። «መስታወቱ ይበቃል» የሚሉ አሉ፤ በአንዳንድ ቦታዎችም ይፈቀዳል። ነገር ግን መስታወት የሚጠቅመው ሲመለከቱት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዐይን ከፊት ይነሣል። ስለዚህ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተጎታቹን ብቻ ይጠብቅ፤ ሲወድቅ ወዲያው ለነጂው ይንገር። የላንጋኖ ውሃ ቡናማና ድፍርስ ስለሆነ የሰጠመን ሰው ይሰውራል፤ ወንድምዎ ዋና ቢችልም እንኳ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ይልበስ። ነጂውም ቀስ ብሎ ይመለስ፤ ሲጠጋው ሞተሩን ያጥፋ።