የቲማቲምዎ ጫፍ ሲጠቁር፦ ኖራ ከመግዛትዎ በፊት

የትምህርቱ ዓላማ፦ የካልሲየምና የማግኒዥየም እጥረትን ለይቶ ማወቅና ያለ ብዙ ወጪ ማስተካከል

በቦሌና በለሚ ኩራ በጓሮም ሆነ በጆንያ ቲማቲም የሚያለሙ ከሆነ ይህን ሳያዩ አልቀሩም። ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ፣ አበባው በነበረበት ጫፍ ውሃ የቋጠረ ነጥብ ይወጣል፤ ይሰፋል፤ ጠቁሮ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ብዙዎች በሽታ መስሏቸው የፈንገስ መድኃኒት ይረጫሉ። መድኃኒቱ አይጠቅምም፤ ፍሬው የተጎዳው ካልሲየም ስላልደረሰው ነው።

አልደረሰውም ማለት ግን አፈሩ የለውም ማለት አይደለም። የአካባቢያችን መረሬ በተፈጥሮው በካልሲየምና በማግኒዥየም የበለጸገ ነው፤ ጠለቅ ብለው ሲቆፍሩ ነጫጭ የኖራ ጠጠር ሊያገኙ ይችላሉ። ለጎጃም አሲዳማ ቀይ አፈር የሚመከረውን ኖራ መረሬ ላይ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ብረትና ዚንክም ለተክሉ እንዳይደርሱ ያደርጋል።

ታዲያ ፍሬው ለምን ተራበ? ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው። ቅጠል ብዙ ውሃ ስለሚያተን ብዙ ይደርሰዋል፤ ፍሬ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ቅጠል ውስጥ የገባው ደግሞ ወደ ፍሬ አይመለስም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ተክሉ ለቀናት ይጠማል፣ ውሃ የመጣ ዕለት ይጥለቀለቃል። ፍሬው የሚጎዳው በጥማቱ ቀናት ነው፤ ምልክቱ ግን ዘግይቶ ስለሚታይ ሰው ከውሃው ጋር አያገናኘውም። መረሬ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥር ስለሚበጥስ ችግሩ ይብሳል። ዩሪያ ማብዛትም ቅጠሉን ያፋፋና ፍሬውን ያስርባል።

ስለዚህ ውሃ በመጣ ቀን በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅሙና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያጠጡ። በግንዱ ዙሪያ የጤፍ ጭድ አራት ጣት ያህል ውፍረት ይጎዝጉዙ። ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ በውሃ ሞልተው ሥሩ አጠገብ ቢደፉትም ቀስ ብሎ ያጠጣል። የጠቆረው ፍሬ ስለማይድን ይልቀሙት።

የእንቁላል ቅርፊት ግንዱ ሥር ጥለው ውጤት የሚጠብቁ አሉ። ቅርፊት እንደ ዱቄት ካልደቀቀ ለዓመታት አይበሰብስም፤ ደቆም ቢሆን የዘንድሮን ፍሬ አያድንም። ኮምፖስት ውስጥ ቢገባ ይሻላል።

በጆንያና በባልዲ የሚያለሙ ግን ጉዳያቸው ይለያል። ቀይ አፈርና አሸዋ የተቀላቀለበት ጆንያ ውሃ በተደጋጋሚ ስለሚያልፍበት ማግኒዥየሙ ይታጠባል። ማግኒዥየም ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌ ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ የታችኞቹ ቅጠሎች ሥሮቻቸው አረንጓዴ እንደሆኑ መካከሉ ቢጫ ይሆናል። ቢጫው ከላይ ካሉት ለጋ ቅጠሎች ከጀመረ ማግኒዥየም አይደለም፤ ብረት ሊሆን ይችላል። የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከገረጣ ናይትሮጅን ይጠርጥሩ። አመድ ማብዛትም፣ ፖታሽየሙ ስለሚሻማው፣ ማግኒዥየምን ከተክሉ ያርቃል።

ማግኒዥየም መሆኑን ሲያረጋግጡ 10 ግራም ኢፕሰም ጨው (ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ) በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው አመሻሽ ላይ ቅጠሉን ይርጩ፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ይድገሙት። የገረጣው ቅጠል ላይመለስ ይችላል፤ የሚመለከቱት አዲሱን ነው።

የመስክ ልምምድ፦ ከማሳዎ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ወስደው ሎሚ ይጭመቁበት። ከፈላ ኖራ አለው፣ መጨመር አያስፈልገውም። ቀጥሎ አራት የቲማቲም ተክሎች ይምረጡ፤ ሁለቱን ጭድ ጎዝጉዘው በየቀኑ ያጠጡ፣ ሁለቱን እንደ ልማድዎ ይተዉ። የሳምንቱ ጠቅላላ ውሃ ለሁሉም እኩል ይሁን። ከየተክሉ ስንት ፍሬ ጫፉ እንደጠቆረ ቆጥረው በሚቀጥለው ስልጠና ይዘው ይምጡ።