ቴሌግራም ላይ የትራውማ ግሩፕ ከመግባታችሁ በፊት

ሰሞኑን በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ከዓመታት በፊት የደረሰብኝ ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም። ለቅርብ ሰው መናገር አልችልም። እንደኔ ዓይነት ሰዎች ያሉበት የኦንላይን ግሩፕ ብገባ ይጠቅመኛል?» አጭሩ መልስ «አዎ፣ ሊጠቅም ይችላል» ነው። ረጅሙን መልስ የተማርኩት ግን በራሴ ስህተት ነውና ከሱ ልጀምር። ባለታሪኳ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። እኔ ጋ ስትደርስ ለሦስተኛ ጊዜ መታከሟ ነበር። ልቤ ይመታል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ እንቅልፍ የለኝም ትላለች። ኢሲጂ ተነስታለች፣ የደም ምርመራውም የእንቅርት ሆርሞኑም ታይቷል፤ ሁሉም ደህና ነው። ካርዷ ላይ «ጨጓራ» ተብሎ ኦሜፕራዞል ታዞላታል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «ከአረብ ሀገር ከተመለስኩ ጀምሮ» አለችኝ። ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሰው ቤት ስትሠራ የሆነውን በዝርዝር አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ብቻ የበር ቁልፍ ሲዞር ከሰማች እንደምትንቀጠቀጥ ነገረችኝ፤ የሚገባው ወንድሟ ቢሆንም እንኳ። «ለእናቴ ብነግራት ትሞትብኛለች፤ ለጎረቤት ብነግር የቡና ወሬ እሆናለሁ» አለች።

ውጪ ወረፋው ረጅም ነበር። «አይዞሽ እህቴ፣ እንዳንቺ ዓይነት ብዙ ሰው አለ፤ ቴሌግራም ላይ ግሩፖች አሉ፣ ፈልገሽ ግቢ» ብዬ ሸኘኋት። የትኛው ግሩፕ? አላውቅም። አንዱንም ከፍቼ አላየሁም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብሶባት መጣች። የገባችበት ግሩፕ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለበት ነው። አዲስ ገቢ ሁሉ «ታሪክሽን አካፍይን» ይባላል። እሷም በገባች ቀን ሌሊቱን፣ ስድስት ዓመት የያዘችውን በሙሉ በድምፅ ላከች። 11 ደቂቃ። ከዚያ ዝም። ስልኳን ስታይ አደረች። ጠዋት ላይ ሁለት የሚያለቅሱ ኢሞጂዎች መጡ፣ ቀጥሎ የሌላ ሰው ታሪክ ተለጠፈ። የገባችው በሙሉ ስሟና በፎቶዋ ስለነበር አንድ ሰው «አማካሪ ነኝ» ብሎ በግል ጻፈላት፤ በሁለተኛው ቀን ብር ጠየቃት።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ትራውማ መጥፎ ትዝታ ብቻ አይደለም። አደጋው ካለፈም በኋላ አእምሮና ሰውነት ገና እንዳላለፈ ሆነው ይሠራሉ። ቅዠት፣ ነገሩ እንደገና የሚሆን መምሰል፣ የሚያስታውስን ቦታና ሰው መሸሽ፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ፣ ራስን መውቀስ፣ ከሰው መራቅ። እነዚህ ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ኑሮን ሲያውኩ ፒቲኤስዲ የሚባለውን ሕመም እንጠረጥራለን። ይህ ስም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው፣ ለዚያ መንገድ ከጠረጉት አንዱ የመረዳጃ ቡድን መሆኑ ነው። ከ1970 መጨረሻ ጀምሮ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ኒውዮርክ ውስጥ እየተሰበሰቡ እርስ በርስ ያወሩ ነበር፤ ሮበርት ሊፍተንና ካይም ሻታን የተባሉ የአእምሮ ሐኪሞች አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ «ግሩፕ ምን ያደርጋል» ለሚለኝ ሰው ይህን ነው የምነግረው።

ታዲያ እሷን ለምን ጎዳት? ጁዲት ኸርማን የተባሉ አሜሪካዊት የአእምሮ ሐኪም በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ማገገምን በሦስት ደረጃ ያዩታል፤ መጀመሪያ ደህንነት፣ ከዚያ ማስታወስና ማዘን፣ ከዚያ ከሰው ጋር እንደገና መገናኘት። እኛ ከሁለተኛው ጀመርን። «ተናገሪው፣ ይወጣልሻል» የምንለው ነገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ያልተዘጋጀ ሰው፣ ማን እንደሚሰማው ሳያውቅ ሁሉንም በአንዴ ሲያወጣ ሰውነቱ ነገሩን እንደገና ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ ግሩፕ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት የአባላቱን ብዛት ሳይሆን ሕጉን ነው። አድሚኑ ማን ነው? ሥራውስ ምንድን ነው? ስትጠይቁት በግልጽ ይመልሳል? ዝርዝር ታሪክ ከመለጠፉ በፊት ማስጠንቀቂያ ይጻፋል? በግል መጻፍ ይፈቀዳል ወይስ ይከለከላል? የሰው ታሪክ ስክሪንሾት አድርጎ ያወጣ ምን ይደረጋል? ጥሩ ግሩፕ ዝም ብላችሁ እንድታነቡ ይፈቅድላችኋል። ካልተናገራችሁ ውጡ የሚል ከሆነ ውጡ። «መድኃኒትሽን አቋርጪ» ወይም «ዲያዜፓም ውሰጂ፣ እኔን አስተኝቶኛል» የሚባልበትም ከሆነ ውጡ። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ለፒቲኤስዲ የሚመከሩ አይደሉም፣ ሱስም ያስይዛሉ። የሚረዱ መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው፤ ለምሳሌ ሰርትራሊን፣ እሱም በሐኪም ትዕዛዝ። በትራውማ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናንም ግሩፕ አይተካውም።

ከመግባታችሁ በፊት ስልካችሁን አስተካክሉ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር የሚለውን ከፍታችሁ «ማንም አይየው» የሚለውን ምረጡ። እዚያው ሥር በቁጥራችሁ ማን ሊያገኛችሁ እንደሚችል የሚጠይቅ አለ፤ እሱንም ገድቡ። ስሙን ቀይሩ፣ የፊት ፎቶ አታድርጉ። ድምፅ ከመላክ ጽሑፍ ይሻላል፤ ድምፃችሁን የሰፈር ሰው ያውቀዋል። የዋትሳፕ ግሩፕ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁጥራችሁ ለአባላቱ እንደሚታይ እወቁ። ኖቲፊኬሽኑን ዝጉ፤ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አትክፈቱት። ካነበባችሁ በኋላ ለቀናት እየባሰባችሁ ከሄደ ለጊዜው ተዉት። ማንንም አታስቀይሙም።

እሷን የሥነ አእምሮ ክፍል ላክናት፣ ክትትሏን ጀመረች። ቆይታ፣ በአማካሪዋ በኩል ሴቶች ብቻ ያሉበት አነስተኛ ግሩፕ ገባች። ለሁለት ወር አንድ ቃል አልጻፈችም፣ ታነብ ነበር። ከዚያ አንዲቷ ስለ ቁልፍ ድምፅ ስትጽፍ «እኔም» ብላ መለሰች። በቃ፣ ይቺን ብቻ። መብራት አጥፍታ መተኛት ግን እስካሁን አልቻለችም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ራሳችሁን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ ካላችሁ ግሩፕ ላይ መልስ አትጠብቁ። የምታምኑትን አንድ ሰው ይዛችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።