የማግኔት መስመሮችና የተሰካባቸው ፕላዝማ

ዕጩ መምህራን፣ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ብርሃንና ራዲዮ ነው። ከምድር በላይ ግን አንዴ ለመወዛወዝ ደቂቃዎች የሚፈጅባቸው፣ ፕላዝማን ይዘው የሚንቀሳቀሱ ዘገምተኛ ሞገዶችም አሉ። ስዊድናዊው ሐኔስ አልፍቬን እንዲህ ያለ ሞገድ መኖር እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1942 በሒሳብ አሳየ፤ በ1970 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ፕላዝማ አተሞቹ ወደ ኤሌክትሮንና አዮን የተለያዩበት ጋዝ ነው። ቅንጣቶቹ በማግኔት መስመር ዙሪያ እየተሽከረከሩ በመስመሩ ርዝመት ይንሸራተታሉ እንጂ በቀላሉ አይለቁትም። በክራር ጅማት ላይ የተሰካ ዶቃ እናስብ። ዶቃው በጅማቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጅማቱ ሲመታ ግን አብሮ ይርገበገባል። የፀሐይ ነፋስ የማግኔቶስፌርን ዳር ሲገፋ የሚሆነውም ይኸው ነው። ዶቃ የበዛበት ጅማት ስለሚከብድ ርግብግቡ ይዘገያል፤ ሊቃውንቱ ከዚህ ተነስተው የፕላዝማውን ክብደት ይገምታሉ።

ታዲያ ፕላዝማውን የሚያንቀሳቅሰው የሞገዱ ኤሌክትሪክ መስክ ነው። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ፖዘቲቩ ወዲህ፣ ነጌቲቩ ወዲያ ይሄዳል» ይላል። ማግኔት ባለበት እንዲያ አይደለም! ቻርጁ ሲለወጥ ኃይሉ ይገለበጣል፤ ሽክርክሪቱም አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ለሁለቱም መስኮች ቀጤ ነክ ሆነው ይጓዛሉ።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የማግኔት ወገብ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ያልፋልና መስመሮቹ እዚህ ወደ ሰሜን ተጋድመዋል። ቀን ቀን በአዮኖስፌር ያለው ኤሌክትሪክ መስክ ወደ ምሥራቅ ነው። (ይኼኛው የሚመነጨው ከላይኛው አየር ነፋስ ነው፤ ደንቡ ግን ያው ነው።) ኮልፌ ላይ ፊታችንን ወደ ሰሜን አዙረን፣ ቀኝ እጃችንን ወደ መርካቶ ዘርግተን፣ መዳፋችን ሰሜንን ቢያይ አውራ ጣታችን ወደ ሰማይ ያመለክታል። ፕላዝማውም ወደዚያው ይወጣል። ከዚያ ዶቃው በጅማቱ ተንሸራቶ በሰሜንና በደቡብ ይወርዳል፤ በብዛት የሚከማቸውም ወገቡ ላይ ሳይሆን ወዲያና ወዲህ 15 ዲግሪ ያህል ርቆ ነው።

ዝቅ ብሎ፣ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዮኖቹን አየሩ ይይዛቸዋል፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን ይሮጣሉ። ከዚህም ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ ጅረት ይፈጠራል። በ1957-58 የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ በካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን የተመሠረተው የአራት ኪሎው ኦብዘርቫቶሪ የዚህን ጅረት ምልክት መዝግቧል፤ 36,000 ናኖቴስላ በሚጠጋው አግድም መስክ ላይ በቀትር ብዙ አሥር ናኖቴስላ ይጨመራል። ከማግኔቶስፌር የሚወርዱት ዘገምተኛ ሞገዶችም በዚሁ ጅረት ላይ ጎላ ብለው ይታያሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ በፕላዝማው ውስጥ አረፋ መሳይ ክፍተት እየተነሳ የአጭር ሞገድ ራዲዮንና የሳተላይት ምልክትን የሚያናጋበት ምሽት አለ።