ሳይቃጠል ይፈተን

ልጄ፣ ትናንት ሱቅህ ስገባ የኮምፒውተርህ ፋን በመንገዱ ከሚያልፈው ባጃጅ በላይ ይጮህ ነበር። ስክሪኑ ላይ 97 ዲግሪ ይነበባል። «ጋሼ፣ በ4.4 ጊጋኸርዝ ሃያ ደቂቃ ቻለው፤ አለፈ!» አልከኝ። ደስታህን ላቋርጥብህ ስላልፈለግሁ ዝም አልኩ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚችው ወረታ፣ በዚሁ ሥራ፣ በእንዲህ ያለ ሃያ ደቂቃ ተታልዬ የሰው አደራ አጥፍቻለሁና ይህን ጻፍኩልህ።

1. ፈተናው ምን እንደሚፈልግ እወቅ። ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ሲደረግ፣ ማለትም ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ሲሮጥ፣ ሁለት ነገር ያሰጋዋል፤ መጋልና መሳሳት። መጋሉን ሁሉም ያየዋል፤ መሳሳቱ ግን ድምፅ የለውም። አንተ የጫንከው የፈተና ፕሮግራም፣ ፕራይም95፣ ሙቀት ለማምረት የተሠራ አይደለም። ጆርጅ ዎልትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ለጀመረው የትልልቅ ፕራይም ቁጥሮች ፍለጋ የተጻፈ ነው። በዚያ ሥራ አንዲት አኃዝ ከተዛነፈች የብዙ ቀን ስሌት ከንቱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በፈተናው ጊዜ ያገኘውን መልስ አስቀድሞ ከሚታወቀው ጋር የሚያስተያየው። «የማጠጋጋት ስሕተት 0.5፤ ይጠበቅ የነበረው ከ0.4 በታች» የሚል መስመር ጽፎ አንዱ ኮር ሥራውን ካቆመ፣ ሙቀቱ 60 ይሁን 90 ማሽንህ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ኦቨርክሎክ ያልተደረጉ የኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰሮች በዚሁ ፕሮግራም ላይ ደርቀው ሲቀሩ የውስጥ ጉድለታቸው ታውቆ በባዮስ ማሻሻያ ታርሟል። ያን ጉድለት ያጋለጠው የስሌቱ ዓይነት ነበር፤ ትኩሳት አልነበረም።

የእኔን ደግሞ ስማ። ነሐሴ ላይ፣ በብርድ ሌሊት፣ ሃያ ደቂቃ ፈትኜ «ይችላል» ያልኩት ማሽን ሚያዝያ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት አደረገ። ሳይቆም ጨረሰ። መጀመሪያውንና መጨረሻውን አይቼ አስረከብኩ፤ የካሜራውንም ካርድ ለቀጣዩ ሠርግ አጠፋሁት። በሳምንቱ የሙሽራዋ አባት መጡ። ልጃቸው ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ምስሉ አረንጓዴ ካሬ በካሬ ሆኖ ይበተናል፤ ቀና ስትል ይመለሳል። አሥራ አንድ ሰከንድ። «ሌላ ቦታ የለህም?» አሉኝ። አልነበረኝም።

2. አየሩንና አቧራውን አስቀድም። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየራችን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በባሕር ዳርቻ አገር ያለ ሰው በአንተው ኩለር 70 ዲግሪ ቢያገኝ፣ አንተ ያንኑ ቁጥር ለማግኘት አትድከም።

አቧራችንም የራሱ ጠባይ አለው። ሩዝ ሲፈተግ የሚወጣው ብናኝ ዘይት ስላለው በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል ገብቶ ይለጠፋል፤ እፍ ብትለው አይለቅም። ሱቅህ ከመፈልፈያዎቹ ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ ፋኑን ነቅለህ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረገው። የደረቀውን ቴርማል ፔስት በአልኮል ጠርገህ አዲሱን አንዲት የጓያ ፍሬ ታህል መሐል ላይ ጠብ አድርግ። ይህን ሳታደርግ የምታነበው ዲግሪ ሁሉ የቆሻሻው ዲግሪ ነው።

3. ከፍጥነቱ ይልቅ ቮልቴጁን ፍራ። ሙቀት ከፍጥነት ጋር በዚያው ልክ ያድጋል፤ ከቮልቴጅ ጋር ግን ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው። አይ7-2600ኬህን ከ3.4 ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ ስታወጣው ፍጥነቱ 29 በመቶ ጨመረ። ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.32 ስታደርሰው ግን የ10 በመቶዋ ጭማሪ በሙቀት በኩል 21 በመቶ ሆነች። ሁለቱ ሲባዙ ፕሮሰሰሩ ከቀድሞው 57 በመቶ ገደማ የበለጠ ሙቀት ያወጣል። በ4.2 በ1.24 ቮልት ከጸና ጭማሪው 32 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የምታጣው የአንድ ሰዓት ኤክስፖርት ላይ ሦስት ደቂቃ ነው፤ እኔ ብሆን ሳላቅማማ 4.2ን እይዛለሁ። ቮልቴጁን አውቶ ላይ አትተወው፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ከሚያስፈልገው በላይ ይለቃሉ።

4. ወይፈን የሚገራ ሰው ዋልካ ላይ በቀትር አይጀምርም። አንተም በጠዋት ጀምር። ከፕራይም95 አማራጮች ስሞል ኤፍኤፍቲ የሚባለው ኮሮቹን ከሁሉ አብልጦ የሚያግል ነው፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። አዲሶቹ እትሞች ኤቪኤክስ የተባሉትን ከባድ የስሌት ትእዛዞች የሚያጠፋ ምልክት አላቸው፤ መጀመሪያ አጥፍተህ ሞክር፤ ሙቀቱ ጉልህ ሆኖ ይወርዳል። ሙቀቱን የሚያሳየውን ኮር ቴምፕን ጎን ከፍተህ ተመልከት፤ 85 ሲነካ አቁም። «ትንሽ ልጠብቀው» አትበል።

ከዚያ ብሌንድ የሚባለውን ለሰዓታት ተወው። ሚሞሪውንም አብሮ ይፈትናል፤ የሚያወጣው ሙቀት ግን ያንሳል። በመጨረሻ ኮርሳይክለር በተባለው ፕሮግራም ኮሮቹን አንድ በአንድ ፈትን። አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ ጠቅላላው ሙቀት ዝቅ ስለሚል፣ ደካማው የትኛው እንደሆነ ሳታቃጥል ታገኘዋለህ።

ስሕተት በ65 ዲግሪ ከመጣ ጥፋቱ የኩለሩ አይደለም፤ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ አውርድ ወይም ቮልቴጁን በ0.01 ብቻ ጨምር። ከ80 በላይ ብቻ ከመጣ ግን ቮልቴጅ መጨመር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው፤ ማቀዝቀዣውን አስተካክል። ሁሉም ሰላም ሲመስልም የዊንዶውስን ኢቨንት ቪወር ከፍተህ ዊያ-ሎገር የሚል መዝገብ ፈልግ። ፕሮሰሰሩ ተሳስቶ ራሱ ያረማቸው ስሕተቶች እዚያ ይጻፋሉ፤ አንድ እንኳ ካገኘህ አልጸናም።

5. የትናንቱ 97 ምንም አላስመሰከረም። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከሃያው ደቂቃ ስንቱን በ4.4 እንደሮጠ አላየህም፤ እኔም አላየሁም። የዲግሪውን ብቻ ሳይሆን የጊጋኸርዙንም መስመር ተከታተል።

6. መብራት ሲሄድና ሲመጣ ፈተናው ባዶ ይሆናል፤ ዲስኩም ይጎዳል። ያለ ዩፒኤስ አትፈትን። ባዮስ ላይ የቀየርከውን ሁሉ በደብተር ጻፍ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ከደከመ ሁሉም ይጠፋልና።

7. ፕሮግራም ካሳለፈው በኋላ ሥራህ ይፈትነው። ኤቪኤክስን አጥፍተህ የፈተንከው ማሽን፣ የቪዲዮ ፕሮግራምህ ኤቪኤክስ ሲጠቀም ገና አልተፈተነም። ያረጀ ሠርግ አውጥተህ ሙሉውን ኤክስፖርት አድርግ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀምጠህ እየው። አንድ ትልቅ ፎልደር በሰቨን ዚፕ ጠቅልለህ ቴስት የሚለውንም ተጫን፤ አንዲት ቢት ከተበላሸች ይነግርሃል።

ይህን ሁሉ ጠዋት ብታደርገው እንኳ ሚያዝያ ላይ ድገመው። ጣሪያህ ቆርቆሮ ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ 76 ያሳየህ ማሽን፣ ክፍሉ 34 ሲገባ 88 ያሳይሃል፤ ሠርግ የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ደንበኛው ቪዲዮውን ጨርሶ ሳያይ ካርድ አታጥፋ። ፋሲካ እንዳለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ደብተሩን አውጥተህ ጠብቀኝ፤ አብረን እናየዋለን።