የገነተ ልዑል ቤት ነዋሪዎች

ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከእኛ ከአቃቂ ይርቃል፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ኖረውበታል። ጣሊያን ሲገባ ግን ግራዚያኒ ያዘው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላማ ስንት የአዲስ አበባ ሰው አለቀ! ጣሊያንን የተዋጉት አርበኛ ራስ አበበ አረጋይም ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ተገደሉ። ንጉሡ ከዚያ ወጥተው ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት።

አሁን ሙዚየም ስለሆነ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። እኔን በጣም የገረመኝ ደጁ ላይ ያለው ደረጃ ነው፤ የትም አያደርስም! ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበትን ዘመን እየቆጠሩ ነው የሠሩት። ሲባረሩ ደረጃው አልፈረሰም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።