ፒዲኤፍን ሳይከፍሉ ስለ መክፈል

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ለታሪክ ትምህርት እንድናነበው የተሰጠን መጽሐፍ በስካነር ተነሥቶ በአንድ ፋይል የታሰረ ነበር። ገጹ 386፣ ክብደቱም 74 ሜጋባይት ነው። ለፈተናው የሚያስፈልገን ግን ምዕራፍ ሦስት ብቻ፣ ይኸውም 40 ገጽ ነበር። ለ40 ገጽ ሲባል ይህን ሁሉ ማውረድ አንድ ብርቱካን ለመብላት ሙሉ ኩንታል ተሸክሞ እንደ መሄድ ያለ ነገር ነው። አንዳንዱ ጓደኛችን የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ አወረደው፤ አንዳንዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጥቅሉ አለቀበት፤ አንዱማ ስልኩ ሞልቶበት ከቤተሰቡ ፎቶግራፍ ብዙውን አጥፍቶ ቦታ አበጀ።

ከዚህ የባሰ የገጠመው ደግሞ ሌላ ጓደኛ አለን። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሲያመለክት የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና መታወቂያውን በአንድ ፒዲኤፍ አድርጎ አስነሥቶ ነበር። የማመልከቻው ቀን ሊያበቃ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው እያንዳንዱ ወረቀት ለየብቻው ይቅረብ የሚል ትእዛዝ አነበበ። በችኮላ በኢንተርኔት ሲፈልግ በነጻ እንከፍላለን የሚል ድረ ገጽ አገኘና ሁሉንም ሰጠው፤ ሥራውም በሁለት ደቂቃ አለቀ። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሳለን፣ «ለመሆኑ ወረቀቶቼ አሁን የት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳ። ፒዲኤፍ፣ አዶቤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው የሰነድ አሠራር ነው። ዓላማውም አንድ ገጽ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ ቢከፈት መልኩ ሳይለወጥ እንዲታይ ነው። በ2008 አሠራሩ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ስለ ታወጀ፣ ዛሬ የአንድ ኩባንያ ንብረት ብቻ አይደለም። የሚያነቡትና የሚከፍሉት ነጻ ፕሮግራሞች የበዙበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከውስጥ ሲታይ ግን ፒዲኤፍ እንደ ብራና ጥቅል ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ የተጻፈ አይደለም። ይልቁንስ ግምጃ ቤት ይመስላል። ፊደሉ፣ ሥዕሉና ጽሑፉ በየቁጥሩ ተለይቶ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ዕቃ የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ አለው። ገጽ 5 የምንለውም «ይህን ሥዕል፣ ያንን ፊደል፣ ይህን ጽሑፍ አምጣ» የሚል ማዘዣ ነው እንጂ የራሱ ዳርቻ ያለው ቁራጭ አይደለም። ስለዚህ መክፈል ማለት በመቀስ መቁረጥ ሳይሆን፣ ለተመረጡት ገጾች የሚያስፈልገውን ዕቃ ለቅሞ፣ አዲስ መዝገብ ጽፎ፣ አዲስ ፋይል መሥራት ነው። ዋናው ፋይል እንደ ነበረ ይቀመጣል፤ ስለሆነም የሚፈራ ነገር የለም።

ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ የቀለለው ዘዴ በእያንዳንዳችን እጅ ያለ ነው። በኮምፒዩተር ላይ ፋይሉን በክሮም ብራውዘር ክፈቱና እንደሚታተም አድርጋችሁ እዘዙ። ማተሚያ ምረጡ ሲላችሁ «እንደ ፒዲኤፍ አስቀምጥ» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያም ገጾች በሚለው ቦታ ላይ የምትፈልጉትን፣ ለምሳሌ 101-140 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ወረቀትም ቀለምም ሳይባክን 40 ገጽ ያለው አዲስ ፋይል ይወጣል። በአንድሮይድ ስልክም የማተሚያው ገጽ ይህንኑ ይፈቅዳል። ነውሩ ግን አለ፦ የመጽሐፉ ዕልባቶችና ማያያዣዎች በዚህ መንገድ ሊጠፉ ይችላሉ፤ የሚሞላ ቅጽ ከሆነም ባዶ ቦታዎቹ እንደ ሥዕል ደርቀው ይቀራሉ። ለአንድ ምዕራፍ ንባብ ይህ ምንም አይጎዳም።

ሥራው ሲበዛ ግን፣ ማለትም መጽሐፉን በሙሉ በየምዕራፉ መክፈል ሲያስፈልግ፣ እኔ የምመርጠው ፒዲኤፍሳም ቤዚክ የተባለውን ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ቤዚክ የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ ሠሪዎቹ በዋጋ የሚሸጧቸው ሌሎች ፕሮግራሞችም ስላሏቸው ተሳስቶ ያንን መጫን አለ። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ወረቀታችሁ ከኮምፒዩተራችሁ አይወጣም። በጻፋችሁለት የገጽ ቁጥር ላይ ይከፍላል፤ በየ20 ገጹ ብትሉትም ይከፍላል፤ በዕልባቶቹ ወይም በሜጋባይት ልክም ይከፍላል። መልሶ ማጣመርም ይችላል። ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠት የለመዱ የሳይንስ ጓደኞቻችን ኪውፒዲኤፍ የሚባለውን ነጻ መሣሪያ ይመርጣሉ፤ እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬ ፍጥነቱን አድንቄአለሁ፤ ሆኖም የትእዛዙን አጻጻፍ በየጊዜው እረሳዋለሁ። ማክ ያላቸው ደግሞ ፕሪቪው በተባለው ፕሮግራም የገጾቹን ትንንሽ ሥዕሎች መርጠው ወደ ውጭ ቢጎትቱ ይበቃቸዋል።

ስለ ድረ ገጾቹስ? ሁሉም ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ፋይሉን ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደሚያጠፉት ጽፈዋል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ችግሩ እኛ ከዚህ ሆነን ማረጋገጥ አለመቻላችን ነው። የታሪክ መጽሐፍ ምዕራፍ ቢሆን ማንም ቢያየው ግድ የለም። መታወቂያ፣ የሕክምና ወረቀት፣ ያልተመረቀበት የመመረቂያ ጽሑፍ ግን በራስ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ሊከፈል ይገባል። በኢንተርኔት ቤት ወይም በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር የምትሠሩ እንደሆነም ፋይሉን ከማውረጃው ማኅደርና ከቆሻሻ መጣያው ጭምር ሳታጠፉ አትነሡ።

አሁን ብዙዎቻችንን ያሳሳተውን የገጽ ቁጥር ነገር ላንሣ። በመጽሐፋችን ማውጫ ላይ ምዕራፍ ሦስት ከገጽ 87 እስከ 126 ይላል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ያንኑ ጽፌ ከፈልሁትና የምዕራፍ ሁለትን ጅራት ይዤ የምዕራፍ ሦስትን መጨረሻ ጥዬ ወጣሁ፤ በዚያው ለሦስት ጓደኞቼ ልኬ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በገጹ ላይ የታተመውን ቁጥር ሳይሆን ከሽፋኑ ጀምሮ ያለውን ተራ ነው። መጽሐፉ ከመቅድሙና ከማውጫው ጋር 14 ገጽ ቀድሞ ስለሚሄድ፣ 1 ተብሎ የታተመው ገጽ በፋይሉ 15ኛ ነው። ስለዚህ በ87 ላይ 14 ጨምራችሁ 101፣ በ126 ላይም 14 ጨምራችሁ 140 ታገኛላችሁ። ልዩነቱን አንድ ጊዜ ካወቃችሁ ለመጽሐፉ ሁሉ ያገለግላል፤ ነገር ግን በመካከል ቁጥር የሌለው የሥዕል ወይም የካርታ ገጽ ከገባ ሒሳቡ ስለሚዛነፍ ዓይንን ማመን ይሻላል። ሁለት ገጽ በአንድ ሥዕል የተነሣበት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ መከፈል ብቻውን አይረዳም፤ ያንን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሙቱል የሚባል ሌላ ነጻ መሣሪያ አለ።

ክብደቱንም አስቀድሞ መገመት ይቻላል። በስካነር የተነሣ መጽሐፍ እያንዳንዱ ገጽ ሥዕል ስለሆነ ክብደቱ ለገጾቹ በግምት እኩል ይከፋፈላል። 74ን ለ386 ብናካፍል ለአንድ ገጽ ከ0.2 ሜጋባይት ጥቂት ያንሳል፤ ለ40 ገጽ ወደ 7.7 ይሆናል። በኮምፒዩተር የተጻፈ ሰነድ ግን እንዲህ አይደለም። ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ ታሽጎ ስለሚጓዝ፣ አንዱን ወደ አሥር ብትከፍሉት አሥሩም የፊደሉን ቅጂ ይሸከማሉ፤ ተደምረውም ከዋናው ሊበልጡ ይችላሉ። አንዲት ገጽ ብቻ አውጥታችሁ ክብደቷ ከሙሉው መጽሐፍ እኩል ሆኖ ካገኛችሁት፣ ፕሮግራሙ የማያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ ሳይለቅም ይዞ ወጥቷል ማለት ነውና በሌላ መሣሪያ ሞክሩ።

ይህ ነገር ከክብደት በላይ የሆነበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ማረሚያ ፕሮግራም ገጽ ሰርዝ ሲባል ገጹን ከመዝገቡ ላይ ይፍቀዋል እንጂ ዕቃውን ከግምጃ ቤቱ አያወጣም፤ ዐዋቂ ሰው ቢፈልገው መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ለሌላ ሰው ማሳየት የማትፈልጉት ገጽ ካለ፣ እሱን ከመሰረዝ ይልቅ የምታሳዩትን ገጽ ብቻ ወደ አዲስ ፋይል አውጡ።

በኢሜይል የምትልኩ ከሆነ፣ ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ አይቀበልም። ፋይል ደግሞ በኢሜይል ሲጓዝ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ከ18 ሜጋባይት ባታሳልፉ ይበጃል። የእኛ መጽሐፍ በዚህ ልክ አምስት ቦታ ይሆናል። ስም ስትሰጡም 1፣ 2፣ 3 ከማለት 01፣ 02፣ 03 ማለት ይሻላል፤ አለዚያ በአንዳንዱ ስልክ ላይ 10ኛው ከ2ኛው ቀድሞ ይሰለፋል።

ከላካችሁ በኋላ እንዳታፍሩ የእያንዳንዱን ቁራጭ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ክፈቱና እዩ፤ የቁራጮቹም ገጽ ተደምሮ 386 መምጣት አለበት። እኛ በሁለተኛው ቀን ይህን ካደረግን በኋላ ምዕራፍ ሦስትን ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ አደልነው። የአንድም ሰው ጥቅል አልተነካም። የወረቀቶቹ ባለቤት ጓደኛችንም አጠገቤ ተቀምጦ ፒዲኤፍሳምን እንዴት እንደሚጭን እየጠየቀኝ ነበር፤ ሁለተኛ ማመልከቻ አለበት።