«ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች» ሲሉ

ጥያቄ፦ ቡሬ አጠገብ የምንኖር ገበሬዎች ነን። የ13 ዓመቷ ልጄ ሰሞኑን ደም አየች፤ ደንግጣ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። አማቴ «ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ ባል ይፈለግላት» ይላሉ። ምን ብዬ ላስረዳት?

መልስ፦ መጀመሪያ እንዳልታመመች ይንገሯት። ማህፀን በየወሩ ለጽንስ የሚያሰናዳው ሽፋን ጽንስ ሳይኖር ሲቀር ይላቀቅና ከደም ጋር ይወርዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የወር አበባዋ ጊዜ ቢዛባ አይደንግጡ። ጨርቅ ከተጠቀመች በሳሙና አጥባ ፀሐይ ላይ ታስጣው። በኀፍረት አልጋ ሥር የሚደበቅ እርጥብ ጨርቅ ነው ጣጣ የሚያመጣው። በየሰዓቱ ጨርቅ የሚያስለውጥ ወይም ከሳምንት የሚያልፍ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ከእንግዲህ እርግዝና ሊመጣ እንደሚችል፣ እንዴት እንደሚመጣም ሳይሸፋፍኑ ያስረዷት። ካልነገሯት ከጓደኛ ትሰማዋለች፤ እሱም ተጣሞ ነው የሚደርሳት።

አማትዎን ያሳሳታቸው «ለአቅመ ሔዋን» የሚለው አባባላችን ይመስለኛል። ደም ስላየች ዳሌዋ ለመውለድ በቃ ማለት አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ምጥ ሲራዘም ፌስቱላ ሊያስከትል ይችላል። ሕጉም ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። እዚሁ ጎጃም፣ ይልማና ዴንሳ ውስጥ፣ ሞሰቦ ላይ በ1996 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ይህን ያጫውቷቸው።

ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሂድ፤ ቦርሳዋ ውስጥ ትርፍ ንጹሕ ጨርቅ ያስቀምጡላት።